ካርታው ላይ ያልነበረው

የፓታጎንያ ነፋስ በሩን ይዞ እየነቀነቀ፣
የእሳት አደጋው አዳራሽ በሐምሌ ሌሊት በሰው ተጨናነቀ።
ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ፤ እርሳሴን ቀርጬ
ከጥግ፣ ከሚያንጠባጥበው ራዲያተር ሥር ተቀምጬ።

ኔሊዳ ኤቼፓሬ ካርታዋን ወጠረች በአራት መርፌ።
(«ቪያ ሬታማ፣ የዛሬ አርባ ዓመት» ብዬ ጻፍኩ በደብተሬ ጠርዝ፣ በትርፌ።)
«ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ነን፤ ያኔ ሰባ እንሆናለን።
ውሃ ከየት እንቀዳለን? በየት በኩል እንሄዳለን?
እኛ ባናስብ ከተማው ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም፤
ቤት እንደ አረም ይበቅላል፣ መንገድ ግን አይበቅልም።»

ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ገበያ፣
ግራጫው የከባድ መኪና ማደሪያ፣
ሰማያዊው መስመር አያቶቻችን የቆፈሩት ቦይ።
«ነጠብጣቡስ?» «ባቡር ነው።» «ባቡሩ ይመጣል ወይ?»
«ነጠብጣብ ያረግነው ለዚያ ነው» አለች፣ ሳትስቅ።

ኤሊሴዮ ቡስታማንቴ ተነሣ፣ ቆቡን በእጁ ጨምቆ፤
«ይሄ ቀለበት መንገድ» አለ፣ ድምፁ ጉሮሮው ላይ ታንቆ፣
«ሃያ ስድስት ረድፍ ፖሜን ሰንጥቆብኝ ያልፋል።
በውርጭ ሌሊት እሳት አንድጄ ያሳደግኩት ነው! መጋቢት ሲጠባ አስፋልቱ ምን ያፈራል?»
ልጁ ከኋላ ወንበር፦
«ግማሹን እኮ ሸጠኸዋል፣ ለቤት ሠሪዎቹ፣ አባባ!»
አዳራሹ ሳቀ።
ሽማግሌው ፊቱን ይዞ ቆቡ ውስጥ ገባ።

ሱልማ ሃዳድ ለሱቋ የመኪና ማቆሚያ ጠየቀች፣
አንዱ አውቶቡስ፣ አንዱ መብራት፤ አንዲት ልጅ እናቷ ጭን ላይ አንቀላፋች።
እኔ እጽፋለሁ፦ «ተባለ»፣ «ተጠየቀ»፣ «ተወሰነ»፤
የሰው ቁጣ በመዝገብ ቋንቋ እየመነመነ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ካፖርት ሲነሣ ከወንበር፣
ኦስቫልዶ ፒቹማን እጁን ሰቀለ፤ ሥራው መቃብር፤
ሠላሳ ዓመት ቆፍሯል፣ ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም።
«ይቅርታ» አለ፣ «ካርታው ቆንጆ ነው፤ ትምህርት ቤቱም አይርቅም።
የእኔ ግን የለበትም። በወር አራት እቀብራለሁ፣
ክረምቱ ሲከፋ ስድስት። በእርምጃዬ ለክቻለሁ፤
የቀረኝ የአሥራ አንድ ዓመት ቦታ ነው፣ እሱም ካልበዛችሁ።
እናንተ አርባ ዓመት አቀዳችሁ፤
ሰባ ሺህ ሰው አመጣችሁ፣ ቤት ሰጣችሁ፣ ውሃ ሰጣችሁ፤
ለመሆኑ የት ላስተኛችሁ?»

ማንም አልሳቀ። ራዲያተሩ ብቻ ጠብ ይላል።
ነፋሱ እንኳ በሩን የለቀቀ ይመስላል።
ሲደምሩ አየኋቸው፤ የየራሳቸውን ዕድሜ፣ ሲደመር አርባ፤
አንዱ ጣቱን አጠፈ፣ አንዷ የፊቷን ወንበር ጀርባ
ጨበጠች። እኔም ደመርኩ። ዘጠና አምስት መጣብኝ።
(ይህን መዝገብ ላይ አላሰፈርኩም፤ የሚያሳፍር መሰለኝ።)

ኔሊዳ እርሳስ አነሣች። ሰባት ዓመት የደከመችበትን ወረቀት
እንደ ሰው ልጅ ፊት፣ እንደ አዲስ፣ ቆማ አየችው ለደቂቃ ያህል በዝምታ።
«ስንት ሄክታር?»
«ስድስት። ውሃ የማይተኛበት፣ ድንጋይ ያልበዛበት፤
አውቶቡስም ይድረሰው። መኪና የሌላት መበለት ናት የምትመጣበት።»

ኤሊሴዮ ከቆቡ ወጣ። «ከቦዩ ማዶ» አለ፣ «ከፖሜ ዳር፣
ከፍ ያለ አሸዋማ መሬት አለኝ፤ ስድስት ሄክታር።
በነፃ አልልም። ዋጋው ላይ እንነጋገራለን። ልጄ
ሊሸጠው ነበር፤ እስቲ አሁን ማን ይገዛዋል?» ወደ እኔ ዞረ፤ «ጻፊው እንጂ!»

ቀለም አልተረፈም ነበር። በእርሳስ ብቻ ከበበችው፣
ቦዩን ሳትነካ፣ ትንሽ ጠማማ፤ እንደዚያው ተወችው።
እኔም ጻፍኩ፦ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፤ ስድስት ሄክታር፤ ለሁላችን።
ቋንቋው የመዝገብ አይደለምና «ለሁላችን»ን
በላጲስ ፍቄ «ለሕዝብ አገልግሎት» አልኩበት፤
ገጹን ወደ መብራት ያዘነበለ ሰው ግን ዛሬም ያነበዋል ከሥር፣ ከፋቅኩበት።